ገና ይሠራል

ሙዚየም ለመክፈት ከቤቱም ከገንዘቡም በፊት ሥራ የፈታ ዕቃ ያስፈልጋል። ጦሩ ገና ዘመቻ ላይ ከሆነ፣ ዘውዱም ገና ራስ ላይ ከተቀመጠ የሚጎበኝ ነገር የለም። ዕቃው ጡረታ መውጣት አለበት። እኛ ዘንድ ደግሞ ጡረታ የሚወጣው ሰው ብቻ ነው። አባወራው በ60 ዓመቱ ከመሥሪያ ቤቱ ተሰናብቶ ቤቱ ሲገባ፣ በመጀመሪያ ደመወዙ የገዛው ሬዲዮ መስኮት ላይ ቁጭ ብሎ የሁለት ሰዓቱን ዜና እያሰማ ይጠብቀዋል።

አኖ ውስጥ፣ ዋናው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ሻይ ቤት፣ «ለከተማችን ሙዚየም ያስፈልጋታል» የሚል ሐሳብ ከተነሣ ወዲህ የሚያነታርከን ይኸው ነው። አኖን ለማያውቃት፦ የጎቡ ሰዮ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ በአምቦ በኩል ወደ ነቀምቴ የሚጓዝ ሰው ባኮ ላይ ምሳውን ይበላና አኖ ላይ ያንቀላፋል፤ ነቀምቴ ሲደርስ ነው «አኖን መቼ አለፍናት?» የሚለው። ሐሳቡን ያመጣው አንድ ወጣት የታሪክ መምህር ነው። ጦርና ጋሻ አላለም። የዕለት ተዕለት ቴክኖሎጂ ታሪክ ነው ያለው፤ ኩራዙ፣ የከሰል ካውያው፣ ሬዲዮው፣ የጽሕፈት መኪናው፣ እጀታው እየተሽከረከረ የሚደወልበት ስልክ። ሽማግሌዎቹ በጥሞና አዳመጡት። ከዚያ አንደኛው ብርጭቋቸውን አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ ይኼማ የኔ ቤት ነው» አሉት።

እውነታቸውን ነው። ቤታቸውን አውቀዋለሁ። ኩራዙ መብራት ሲጠፋ ይበራል፤ መብራት ደግሞ ይጠፋል። ካውያው በሩ ሥር ተቀምጦ ነፋስ በሩን እንዳይዘጋው ይይዛል፤ በበዓል ዋዜማ ከሰል ይገባበትና ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል። ከመምህሩ ዝርዝር ውስጥ ሽማግሌው ቤት የሌለው ስልኩ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ድሮም የቴሌ እንጂ የሳቸው አልነበረም።

አዲስ አበባ ላይ በመስከረም 2015 የሳይንስ ሙዚየም ተመርቆ ተከፍቷል። የሚያሳየው በአብዛኛው መጪውን ጊዜ ነው፤ ሮቦቱን፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎቱን። እንግዲህ መጪው ዘመን ሙዚየም ገብቷል፤ ያለፈው ዘመን ግን ገና ከቤታችን አልወጣም። ፈረንጅ በዚህ በኩል ሥርዓት አለው። ለንደን ባለው የሳይንስ ሙዚየም ምድር ቤት ውስጥ ለብዙ ዓመታት የቤት ዕቃን ታሪክ ብቻ የሚያሳይ አዳራሽ ነበር፤ የልብስ ማጠቢያው፣ አቧራ መሳቢያው፣ የሽንት ቤት ውሃ መልቀቂያው ሳይቀር ተሰልፎ ይጎበኝ ነበር። ዕቃው አርጅቶ አዲስ ይገዛለታል፣ አሮጌው ይጣላል፣ ከተጣለው አንዱ ይነሣና መስታወት ውስጥ ይገባል። የኛ ችግር ከሁለተኛው ደረጃ ይጀምራል፤ የሚጥል ሰው የለም።

ነቀምቴም ብትሆን ከሙዚየም አልጎደለባትም። የወለጋ ሙዚየም አለ፤ የደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ፣ በክርስትና ስማቸው የገብረ እግዚአብሔር፣ ቤተ መንግሥት አለ። የባህሉም የመሳፍንቱም ዕቃ ማረፊያ አግኝቷል። ማረፊያ ያጣው መካከለኛው ነው፤ ለባህል የዘገየ፣ ለዘመናዊነት የቀደመ። ማሾን ማን ባህል ይለዋል? ቴፕ ሪከርደርን ማን ቅርስ ይለዋል? አያት ሲሞቱ ጦራቸው ይከበራል፣ ሬዲዮናቸው ግን ለወንድም ልጅ ይሰጣል። እኔ የመምህሩን ሐሳብ የወደድኩት ለነዚህ አባትም እናትም ለሌላቸው ዕቃዎች ስላዘነ ነው።

አገሩ ለአዲስ መሣሪያ ያደረገው አቀባበል ሁልጊዜ እንዲህ የፍቅር እንዳልነበረ ግን መነገር አለበት። ሰኔ 19 ቀን 1928 የጣሊያኑ ጄኔራል ማግሊዮኮና አጃቢዎቹ በሦስት አውሮፕላን ነቀምቴ አጠገብ፣ ቦነያ ላይ አረፉ። ያን ጊዜ በወለጋ ምድር ከዚያ የሚበልጥ ዘመናዊ ዕቃ አልነበረም። ያንኑ ሌሊት የጥቁር አንበሳ ጦር ደርሶ ጄኔራሉን ገደለ፣ አውሮፕላኖቹንም አቃጠለ። አቀባበሉ ሞቅ ያለ ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲህ ግን ወደ ወለጋ የገባ ማንኛውም መሣሪያ፣ በሰላም እስከመጣ ድረስ፣ እንዲሞት አልተፈቀደለትም።

ለምን እንዳልተፈቀደለት ማየት የሚፈልግ ከሻይ ቤቷ ትይዩ ይሻገር። ቆርቆሮ ግድግዳው ላይ በሁለት ቋንቋ «ሬዲዮ፣ ቴፕ፣ ዲሽ፣ ሞባይል እንሠራለን» ተብሎ በብሩሽ የተጻፈበት ሱቅ አለ። ሁለት ሰው ያስገባል፤ ሦስተኛው ውጭ ቆሞ ነው የሚያወራው። «ሬዲዮ» የሚለው ቀለሙ ደብዝዟል። «ቴፕ» አንድ ጊዜ ተሰርዞ ነበር፤ ዝናቡ ስረዛውን ወስዶ ቃሉን ትቶታል። «ሞባይል» ገና ይደምቃል። ውስጡ እስከ ጣሪያ መደርደሪያ ነው፤ መደርደሪያው ላይ ናሽናል፣ ፊሊፕስ፣ ፓናሶኒክ፣ ስማቸው የጠፋ የቻይና ሬዲዮኖች፣ አንቴናቸው የተሰበረና በጃንጥላ ዘንግ የተተካ፣ ጀርባቸው በላስቲክ የታሰረ። እያንዳንዳቸው ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፏል፤ ፕላስተሩ ላይ የባለቤቱ ስም፣ ቀበሌው፣ የተከፈለው ቀብድና ሕመሙ። «ያፏጫል።» «ካሴት ይበላል።» «አጭር ሞገድ አይዝም።» «ልጅ ከፍቶት ነው።» አንዱ ላይ ደግሞ «ባለቤቱ አይነካ ብሏል» ይላል። ለምን እንደመጣ ስጠይቅ፣ ሠሪው ቀና ሳይል፣ «እንዲታይ ነው እንጂ እንዲፈታ አይፈልጉም» አለኝ። የዓለም ሙዚየም ሁሉ ከዕቃው ሥር የሚጽፈው የተሠራበትን ዓመትና የተገኘበትን ስፍራ ነው። እዚህ የሚጻፈው ሕመሙ ነው፤ ሱቁም የሚመስለው የወረዳ ጤና ጣቢያ የማዋለጃ ክፍልን ነው፣ ሁሉም ነገ እወጣለሁ ብሎ ይተኛል።

ሠሪው መብራት ካለ በኤሌክትሪክ፣ ከሌለ ደግሞ መበየጃውን ከጀበናው ጎን ከሰል ውስጥ አግሎ ይሠራል። ያን ቀን የያዘው የአንድ ሽማግሌ ሬዲዮ ነበር። የጣቢያ መፈለጊያዋ ቀስት የምትጎተተው በቀጭን ክር ነው፤ ክሩ በትንንሽ መዘውሮች ዙሪያ ተጠምጥሞ አንዱ ጫፉ ከቁልፉ ጋር ይያያዛል። ክሩ ተበጥሷል። ሠሪው ከልብስ ሰፊው በተዋሰው የናይለን ክር ተካው፤ ቁልፉን ሲያዞረው ቀስቷ ሄደች፣ ጣቢያውም ተሰማ። ባለቤቱ ግን መስታወቱ ላይ የሚወዱት ጣቢያ የሚገኝበትን ቦታ ከዓመታት በፊት በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አድርገውበት ነበር። አሁን ጣቢያው የሚሰማው ከቀዩ ነጥብ አንድ ጣት ያህል ወዲህ ነው።

«ጣቢያዬን አንቀሳቅሰኸዋል» አሉት።

«ኦቦ፣ ጣቢያው እዚያው ነው፤ ቀስቷ ናት።»

«ቀስቷን ወደ ጣቢያው አምጣልኛ።»

ክሩን እንደገና ፈታው። የጥፍር ቀለሙን ፍቆ ሌላ መቀባት በቀለለ ነበር፤ ነገር ግን ቀለሙ የሟች ባለቤታቸው ነበርና ማንም አላነሣውም።

ታዲያ ከዚህ ሱቅ ለሙዚየም የሚሆን አንድ ዕቃ መምህሩ ቢለምን፣ ሠሪው መደርደሪያውን ሲያማትር ቆየና «የሞተ የለኝም» አለ። የሞተማ አለው፤ ግን የሟቹ ድምፅ ማጉያ አንዱ ሬዲዮ ውስጥ ገብቷል፣ ቁልፉ ሌላው ውስጥ፣ ትራንስፎርመሩ ደግሞ ጉተ ሰፈር ያለ ቴፕ ውስጥ። ሦስቱ ተበልተው አንዱ ይድናል። ሬዲዮ አይሞትም፣ ይበተናል።

ወለጋ ውስጥ ሬዲዮ ከዕቃነቱ አልፎ የቤተሰብ አባል የሆነበት ምክንያት አለው። በየካቲት 1955 የብስራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት፣ ባለቤቱ የዓለም ሉተራውያን ፌዴሬሽን ነበር፤ ወለጋ ደግሞ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሥር የሰደደችበት አገር ነው። ሬዲዮ የገዛ ሰው ለጎረቤቱም ገዛ ማለት ነው። ሬዲዮኑ ዳንቴል ይለብሳል፣ ከፍ ያለ ቦታ ይሰጠዋል፣ ሰው ሁሉ ወንበሩን ወደሱ ያዞራል። በመጋቢት 1969 ደርግ ጣቢያውን ወረሰውና ስሙን የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ አለው። ሬዲዮኑም ዳንቴሉም ያው፣ ሲሰብክ የነበረው ግን አብዮት ሆነ። ያኔ ነው ብዙ ሰው የአጭር ሞገዱን ቁልፍ መነካካት የተማረው፤ የጀርመን ድምፅ ከ1957 ጀምሮ በአማርኛ ይናገር ነበር፣ በኋላ የአሜሪካ ድምፅም ተጨመረ። በር ተዘግቶ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ፣ ጆሮ ከዳንቴሉ ጋር ተጣብቆ። ያ ትውልድ እስከ ዛሬ ዜና ሲሰማ ወደ ሬዲዮው የሚያዘነብለው የጆሮ ሕመም ስላለበት ብቻ አይደለም።

የሬዲዮን ነገር ያነሣ የባትሪ ድንጋይን ሳያነሣ አያልፍም። ድንጋዩ ሲደክም በመጀመሪያ ቦታ ይቀያየራል፤ የፊተኛው ወደ ኋላ፣ የኋለኛው ወደ ፊት። ያ ካልሠራ በጥርስ ነከስ ነከስ ይደረጋል። በመጨረሻ ሰፌድ ላይ ሆኖ ከበርበሬው ጎን ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ከተማ የቀመሱ ልጆች በዚህ ሲስቁ ሰምቻለሁ፤ ሳቃቸው ግን ያለ ቦታው ነው። የዚያን ጊዜው ድንጋይ ዚንክና ካርቦን ነው፤ ሙቀት ሲያገኝ ውስጡ ያለው የኬሚካል ሥራ ይፋጠናል፣ ዕረፍቱም ያግዘዋል። ለአንድ ዜናና ለግማሽ ዘፈን ይበቃል። አያቶቻችን ኬሚስትሪ አልተማሩም፣ ዜናው ከመጀመሩ በፊት ግን ድንጋዩን ከፀሐይ ማንሣት እንዳለባቸው ያውቁ ነበር።

ስለ መብራት ደግሞ ወለጋ ብዙ የምትለው አላት። ፊንጫ ላይ የተሠራው የውሃ ኃይል ማመንጫ በ1960ዎቹ አጋማሽ ሥራ ሲጀምር 100 ሜጋ ዋት ያመነጭ ነበር፤ ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነው። ሽቦው በትልልቅ የብረት ምሰሶ ላይ ሆኖ በብዙ መንደር አናት ላይ አለፈ። ከሥሩ ያሉት ኩራዛቸውን አብርተው እራታቸውን በሉ። መብራቱ የኛ፣ ጨለማውም የኛ፤ ልዩነቱ መብራቱ ተሳፍሮ መሄዱ ነው።

በዚህ መሐል የነገሠው ማሾ ነበር። ማሾ ኩራዝ አይደለም፣ ባለሙያ ይፈልጋል። ላምባው ይሞላል፣ አንገቱ በአልኮል እሳት ይሞቃል፣ ከዚያ ማጠራቀሚያው በትንሿ ፓምፕ በአውራ ጣት ይነፋል፤ አየሩ ላምባውን ወደ ላይ ሲገፋው በቀጭኗ ቀዳዳ ወጥቶ በጋለው አንገት ውስጥ እንፋሎት ይሆንና ስስ የጨርቅ ከረጢቷን ያነዳታል። ነጭ ብርሃን፣ እንደ ልብ የሚሰማ ፉጨት። ከረጢቷ አንድ ጊዜ ከነደደች በኋላ አመድ ናት፤ ዝንብ ቢያርፍባት ትፈርሳለች። ሠርግ ቤት ዳስ ውስጥ ማሾ የያዘ ሰው ከሚዜው ይበልጥ ይከበር ነበር። ሙሽራው ቢዘገይ ይጠበቃል፣ ማሾው ከጠፋ ግን ሠርጉ ቆመ ማለት ነው። ሰካራም ወደ ምሰሶው ሲጠጋ ሦስት ሰው ተነሥቶ አቅጣጫውን ያስቀይረው ነበር፤ ለሰካራሙ አዝነው እንዳይመስላችሁ።

የጽሕፈት መኪናው ታሪክ ወለጋ ውስጥ ሌላ አገር የሌለ ጉድ አለበት። የግዕዝን ፊደል ለመኪና ማስገደድ ቀላል ሥራ አልነበረም። ኢንጂነር አያና ብሩ በ1920ዎቹ የተጨነቁለት ጉዳይ ነው፤ ከሁለት መቶ በላይ የሆነውን ፊደል ጥቂት ቁልፍ ላይ ለማስቀመጥ ፊደሉን ከቅጥያው መለየት ያስፈልግ ነበር። በአማርኛ መኪና የተጻፈ ደብዳቤ ያየ ሰው ያስታውሰዋል፤ እግሯ ከፊደሏ ትንሽ ራቅ ብላ፣ ቀለበቷ ወደ ጎን ዘወር ብላ። ያም ሆኖ የፍርድ ቤት ደጅ ላይ በጃንጥላ ሥር የተቀመጠው ራፖር ጸሐፊ በዚያች መኪና ስንቱን መሬት አስመልሷል፣ ስንቱንም አስወስዷል።

ሌላ ቦታ የጽሕፈት መኪናን ከሥራ ያባረረው ኮምፒውተር ነው። ነቀምቴና አኖ ግን ኮምፒውተሩ ሲመጣ የአማርኛው መኪና ቀድሞ ተሰናብቶ ነበር። በጥቅምት 1984 አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ እንዲጻፍ ተወሰነ፤ የመሥሪያ ቤቱም ሥራ ወደዚያ ዞረ። (የኦነሲሞስ ነሲብ የኦሮሞኛ መጽሐፍ ቅዱስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1899 ሲታተም በግዕዝ ፊደል ነበር፤ ፊደል በወለጋ ብዙ ዞሮበታል።) ያን ጊዜ የአማርኛው መኪና ሽፋኑ ተደፍቶበት ቁም ሣጥን ላይ ወጣ። ቁም ሣጥኑ ላይ ከሚስዮኑ ትምህርት ቤት ዘመን ጀምሮ አቧራ ሲጠጣ የኖረው የእንግሊዝኛው መኪና ደግሞ ወረደ፣ ዘይት ተቀባ፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ጡረታ ወጥቶ የተመለሰ ሹም ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ችግሩ፣ መኪናው የተሠራው ለእንግሊዝኛ ነው። አፋን ኦሮሞ ደግሞ አናባቢው ሲረዝም ፊደሉን ሁለት ጊዜ ይጽፋል፤ «Aanaa» ብሎ ወረዳን ለመጻፍ ብቻ ኤ የምትባለዋ ቁልፍ አራት ጊዜ ትመታለች። ሌሎቹ ፊደላት ገና ሲያብረቀርቁ የኤ ቁልፍ ተልጣ፣ ስሟ ጠፍቶ፣ ምላሷም ዝላ ነበር። እንደኔ ሙዚየሙ ሌላ ምንም ባይኖረው እንኳ ያቺን አንዲት ቁልፍ መስታወት ውስጥ ማስገባት ይበቃው ነበር።

መምህሩ ቴሌን ሲያነሣ ሻይ ቤቱ በሙሉ አንድ ላይ ነው የተናገረው። ባለእጀታው ስልክ፣ ከኦፕሬተሯ ጋር የነበረው ልመና፣ ስም ተጠርቶ ካቢን መገባቱ፣ አዲስ አበባ ላለ ልጅ ጮኾ መናገሩ። ካቢኑ የተሠራው ምሥጢር እንዲጠበቅ ነበር፤ ጩኸቱ ግን ገበያ ድረስ ይሰማል። ልጁ ምን ያህል እንደላከ ከባለጉዳዩ ቀድሞ ባለሱቁ ያውቅ ነበር። ቴሌግራሙ ሌላ ነው፤ የሚከፈለው በቃል ስለነበረ ሁሉም ቁጥብ ነበር፤ መርዶ ደግሞ በወረቀት አይነገርም። ስለዚህ አገሩ ሁሉ የተስማማበት አጻጻፍ ነበር፦ «አባት በጠና ታመዋል ቶሎ ድረስ።» ይህን የተቀበለ ሰው መድኃኒት አይገዛም፤ ጥቁር ልብሱን ያዘጋጃል። ከዕለታት አንድ ቀን አባቱ የእውነት በጠና የታመሙበት ሰው ምን ብሎ ይጻፍ? ይህ ጥያቄ ሻይ ቤቷ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ወስዷል፤ «መድኃኒት ይዘህ ና» የሚለው ይጨመር በሚለው ተስማማን፤ ሦስት ቃል ነው፣ ዋጋው ግን ሰው ያድናል።

ሞባይሉ ይህን ሁሉ ጠርጎ ወሰደው ይባላል። እኔ አይመስለኝም፤ ቁጥብነቱ ወደ ሚስኮል ዞረ እንጂ። አንድ ጊዜ ጠርቶ ቢዘጋ «ደርሻለሁ»፣ ሁለት ጊዜ ከሆነ «ደውልልኝ»፣ ሦስት ከሆነ ተጣልተናል። ካርድ በጥፍር ሲፋቅ የኖረው አውራ ጣት የሁላችንም ነው፤ አንዱን ቁጥር አብሮ የፋቀም ሞልቷል። ከዚያ በ2012፣ ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ እስከ መጋቢት 22፣ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ስልኩም ኢንተርኔቱም ተዘጋ፤ እኛ ምሥራቅ ወለጋ ያለነውም ኢንተርኔቱ ቀርቶብን ስልኩ በትልልቁ ከተማ ብቻ ሆነ። ያን ጊዜ ነው ሙዚየም ምን እንደሆነ የገባኝ። ሰው ስልኩን በየኪሱ ይዞ ይዞራል፤ ያወጣዋል፣ ያየዋል፣ ይመልሰዋል። ሰዓት ለማየትና በቶርቹ ሽንት ቤት ለመሄድ ካልሆነ አገልግሎት የለውም። ደብዳቤ በሾፌርና በረዳት እጅ መሄድ ጀመረ፤ ጽሑፉም ያንኑ የቴሌግራም ቁጥብነት ይዞ ተመለሰ። አሮጌውን መንገድ ያልረሱ ሽማግሌዎች በዚያ ሦስት ወር ውስጥ እንደገና ተፈላጊ ሆነው ነበር፤ ስልኩ ሲከፈት ትንሽ ቅር ያላቸውም ነበሩ።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ብቻ ነው ያለ ተቃውሞ ለሙዚየሙ የተፈቀደው። ከ1997 ጀምሮ በየክፍሉ በብረት ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ በእንግሊዝኛ ያስተምር የነበረው። ጥያቄ ይጠይቃል፣ ማንም ሳይመልስ «በጣም ጥሩ!» ብሎ ያልፋል። በዚያ ማሽን የተመሰገነ ያህል ያ ትውልድ በሰው አልተመሰገነም። መምህራኑ አንድም ድምፅ ሳይቃወሙ አሳለፉት።

ከዚያ ወዲያ ግን ስብሰባው ከበደ። አንድ ገበሬ ተነሥተው፣ «በቆሎውስ?» አሉ። ከባኮ የምርምር ማዕከል በ1985 የወጣው ቢኤች 660 የተባለው ዘር አገሩን በሙሉ የለወጠ ቴክኖሎጂ ነው፤ ከሬዲዮና ከካውያ የሚያንስበት ምክንያት የለም። ሐቅ ነው። ችግሩ ዲቃላ ዘር ከራሱ ምርት ተቀምጦ ቢዘራ ጉልበቱ ይወርዳል፤ በየዓመቱ አዲስ ይገዛል። መምህሩ ለጉብኝት በየዓመቱ አዲስ በቆሎ እንደሚያስፈልግ ሲያስረዳ፣ «ያለፈውን ዓመት ምን ታደርጉታላችሁ?» ብለው ጠየቁት። «እንጠብሰዋለን» የሚል መልስ ከኋላ መጣ። ሙዚየሙ በጀቱን ያገኘው እዚያ ላይ ይመስለኛል።

የመግቢያ ዋጋ ላይም አልተስማማንም። ቤቱ ውስጥ ያለውን ዕቃ ሊያይ ሰው ለምን ይከፍላል? ማሾ ያመጣ ሰው ሠርግ ሲኖርበት መበደር ይችላል ወይ? መብራት በጠፋ ጊዜ አስጎብኚው የኤሌክትሪኩን አምፖል ለማሳየት ፋኖሱን ከመስታወት ሣጥኑ ማውጣት ይፈቀድለታል? መምህሩ የሙዚየም ሕግ ዕቃ አይነካም ይላል አለ። ሬዲዮ ሠሪው በዚህ በጣም ተናደደ፤ «ሳይነካ የኖረ ዕቃ የት አለ?» አለና ሻዩን ሳይጨርስ ወደ ሱቁ ተሻገረ። እኔም ከሱ ጋር ነኝ። እጀታውን ልጅ ካላሽከረከረው ያ ስልክ ምን ሊባል ነው?

በመጨረሻ ካውያ የመጣው ከሻይ ቤቷ ባለቤት ነው። ከጓዳ አወጡት፤ ባለ አውራ ዶሮ፣ እጀታው በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ሆዱ በአመድ የተሞላ፣ የታችኛው ብረት ግን ፊት የሚያሳይ።

«እሰጣለሁ» አሉ። «ግን እሑድ ማታ እወስደዋለሁ። ሰኞ የልጆቹ ዩኒፎርም አለ።»

«አዴ፣ የሙዚየም ዕቃ እንዲህ አይወጣም አይገባም» አለ መምህሩ።

«ሰኞ ጠዋት እመልሰዋለሁ አልኩህ እኮ።»

መምህሩ ትንሽ አሰበና ፊቱ ፈካ። «ሰኞ ሰኞማ ሙዚየም በብዙ አገር ዝግ ነው።»

«ታዲያ ምን አጨቃጨቀን?» ካውያውን ጠረጴዛው ላይ፣ ከብርጭቆዎቹ መሐል አስቀመጡት። «ከሰሉንስ ማን ይችላል፤ ሙዚየሙ ነው እኔ?»